ሸራው ወይስ ዘይቱ

መካኒኩ ከሞተሩ ጎን ካለው ቀዳዳ ቀጭን ዘንግ መዝዞ በነጭ ጨርቅ ጠረጋት፣ መልሶ ከተታት፣ ደግሞ አወጣት። ጫፏ ላይ የቀረውን ዘይት በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

"ጋሼ፣ ይሄ ዘይት መቼ ነው የተቀየረው?"

"ባለፈው ወር ነዋ።"

"የሞተሩን አይደለም የምልዎት፤ የካምቢዮውን።"

ዝም አልኩ። ኮሮላዬን ከገዛኋት ስድስት ዓመቴ ነው፤ የካምቢዮ ዘይት እንደሚቀየር ሰምቼ ይሆናል፣ አስቤበት ግን አላውቅም። ጨርቁን ወደ እኔ አዞረው። አዲስ ሲሆን እንደ ከርከዴ ቀልቶ የሚያበራው ዘይት የቡና አተላ መስሏል። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስታልፍ ከኋላ የገጯት ይመስል ለምን እንደምትነጥር ያኔ ገባኝ።

"አውቶማቲክ አያስቸግርም ተብዬ እኮ ነው የገዛኋት" አልኩት።

"እሷማ መቼ አስቸገረች?" አለና ሳቀ። "እርስዎ ነዎት እንጂ።"

ማኑዋል ይሻላል ወይስ አውቶማቲክ? መኪና ሊገዛ የተነሳ ሁሉ ይጠይቃል፤ መኪና ያለው ሁሉ ይመልሳል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ መላሹ ከሚነዳት መኪና አይርቅም። ማኑዋል ያለው "አውቶማቲክ ነዳጅ ትጠጣለች፣ ካምቢዮዋ ከተበላሸ ደግሞ አበቃላት" ይላል። አውቶማቲክ ያለው "በዚህ ትራፊክ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ልትውል ነው?" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከደረሰባቸው ነው የሚናገሩት። እኔ ነገሩን ባገላበጥኩት ቁጥር ግን ገዢው በእርግጥ የሚመርጠው ምን እንዲያልቅበት እንደሆነ ይታየኛል። ማኑዋል ሸራ ይበላል፤ አውቶማቲክ ዘይት ይበላል። ሸራ ሲያልቅ ይሸታል፣ ይንሸራተታል፣ መኪናዋ ዳገት እምቢ ትላለች፤ ባለቤቱ ሳይወድ በግዱ ይሰማል። ዘይት ግን ጥራቱ ሲሞት ለዓመታት ድምፅ አያሰማም። በዚህ ላይ "አውቶማቲክ" የሚለው አንድ ስም በውስጡ አራት የማይመሳሰሉ ማሽኖች ይዟል፤ አንዱን የጎዳው ሌላውን አይነካውም፣ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነው። ክርክራችን የማያልቀው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ከሥሩ እንነሳ። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚሰጠው በተወሰነ የዙር ክልል ውስጥ ነው። በደቂቃ ከ700 ዙር ገደማ በታች ከወረደ ይጠፋል፤ ከ6,000 በላይ ካስጨነቁት ራሱን ይጎዳል። ጎማው ግን ከዜሮ ተነስቶ መቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት መድረስ ይፈልጋል፣ ዳገት መውጣትም ይፈልጋል። ካምቢዮ በሁለቱ መካከል የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። አንደኛ ማርሽ ላይ ፍጥነቱን ከሞተሩ ወስዶ ጉልበት አድርጎ ለጎማው ይሰጣል፤ አምስተኛ ላይ ደግሞ በተቃራኒው። ሾፌር አሠልጣኞች የመጀመሪያዎቹን "ከባድ ማርሽ"፣ የኋለኞቹን "ቀላል ማርሽ" የሚሏቸው ለዚህ ነው።

ይህ ሽምግልና አዲስ አበባ ላይ ይከብዳል። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ከጉልበቱ ቢያንስ አንድ አምስተኛው አብሮ ይሄዳል። ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ይዘው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ የሚነዱት በልብ ባለ 800 መኪና ነው፤ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ከ3,000 ሜትር አልፈዋል። ቶኪዮ ወይም ዱባይ ላይ ማንም የማያስተውለው የማርሽ ምርጫ እዚህ በየመንገዱ የሚያጋጥመው ለዚህ ነው።

ማኑዋሉን በቀላሉ ማየት ይቻላል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል አንድ ክብ ሳህን አለ፤ ሁለት ፊቱ በሚያዝ ነገር የተለበጠ። ጋራዥ ውስጥ ሸራ የሚሉት እሱን ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሸራው ከሞተሩ ይላቀቃል፣ ሲለቀቅ ይጣበቃል። በመላቀቅና በመጣበቅ መካከል ያለችው ቅጽበት ላይ ነው የሚበላው። የድሮዎቹ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ በተለይ በኤንትሬ ዘመን የነበሩት፣ ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ሁለቴ ይረግጡ ነበር፤ አንዴ ማርሹን ዜሮ ለማድረግ፣ አንዴ ደግሞ ነዳጅ ሰጥተው ዙሩን ካመሳሰሉ በኋላ ለማስገባት። የጥርሶቹን ፍጥነት ራሱ የሚያመሳስለውን መላ ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 አውጥቶ ነበር፤ ወደ ከባድ መኪናው ዓለም እስኪደርስ ግን ብዙ ጊዜ ወሰደ።

እኔ የተማርኩት ጥርሷ በረገፈ አሮጌ ማኑዋል ነው። አሠልጣኙ ዳገት ላይ ያስቆመኝና ወርዶ የክብሪት ቀፎ ከኋላ ጎማ ሥር ያስቀምጣል። ከዚያ ወደ መስኮቱ መጥቶ "ተነስ" ይላል። ቀፎው ከተጨፈለቀ ከእንደገና። የእጅ ፍሬን ስቦ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ መልቀቅ፣ መኪናዋ አፍንጫዋን ቀና ስታደርግ ነዳጅ መጨመርና ፍሬኑን መልቀቅ ነው ነገሩ። በሦስተኛው ቀን ቀፎው ሳይነካ ተነሳሁ። ያቺን ደስታ አውቶማቲክ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ አልዋሽም።

ያው ዳገት ግን የማኑዋሉ በሽታ ነው። መኪና ተደርድሮ በቆመበት ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን መሳብ የሚሰንፈው ሾፌር መኪናዋን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ ይይዛታል። ደቂቃ ሳይሞላ ያ የታወቀው መራር ሽታ ይመጣል። አንዱ 100,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳበትን ሸራ ሌላው በሩቡ ይጨርሰዋል፤ ልዩነቱ ያለው ግራ እግር ላይ ነው። ሲያልቅ ግን መላ አለው። ወልዲያም ሆነ ደብረ ማርቆስ ካምቢዮ አውርዶ ሸራውን፣ የሚጫነውን ሳህንና ኩሽኔታውን የሚቀይር ሰው አይጠፋም። ባትሪ ከሞተ ሦስት ጎረምሳ ተፈልጎ በግፊ ይነሳል። መንገድ ላይ ከቆመም በገመድ ተጎትቶ ቤቱ ይገባል። አውቶማቲክ በግፊ አይነሳም፤ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እያሉ ረጅም መንገድ መጎተትም አይወድም፣ ምክንያቱም ዘይቱን የሚያሰራጨው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው።

ቋንቋውንም ልብ ይሏል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ሞቶሪኖ፦ ሁሉም ከጣሊያንኛ ገብተው የእኛ ሆነው ቀርተዋል። አውቶማቲኩ ውስጥ ያሉት ቫልቭ ቦዲና ሶሌኖይድ ግን እስካሁን የጋራዥ ስም አልወጣላቸውም። ሙያ ስም ያወጣለትን ነገር ያውቀዋል፤ ያላወጣለትን ይፈራዋል። ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቶ በጅምላ መቀየር የተለመደው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ወደ አራቱ እንምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው፣ ብዙ ሰው አውቶማቲክ ሲል የሚያስበው፣ ባለ ቶርክ ኮንቨርተሩ ነው። የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። ወፍጮው ላይ ውሃ ወርዶ መዘውሩን ይመታና ያዞረዋል፤ እዚህ ደግሞ በሞተሩ የሚዞር አንድ መዘውር ዘይት እየወረወረ ፊት ለፊቱ ያለውን ሌላ መዘውር ያዞራል። በሁለቱ መካከል ብረት ለብረት የሚነካካ ነገር የለም። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ የማይጠፋው በዚህ ነው። ሐሳቡ የጀርመናዊው መሐንዲስ የኸርማን ፎቲንገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ለመርከብ ነበር። በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ሲሆን በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ወጣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንክ ውስጥ ገብቶም ተፈትኗል። የቶርክ ኮንቨርተር ትልቁ ጸጋ መነሳት ላይ ነው፦ መዘውሮቹ የተለያየ ፍጥነት ሲኖራቸው የሞተሩን የማዞር ጉልበት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያሳድጉታል። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ለሚነሳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚቃጠል ሸራ በመካከል የለምና። ዋጋው ሙቀት ነው። ዘይት ዘይትን ሲመታ ይሞቃል፣ የሞቀ ዘይት ያረጃል፣ ያረጀ ዘይት ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ሸራዎች ያንሸራትታል። "ዕድሜ ልክ የማይቀየር ዘይት" የሚለውን የሻጭ ወሬ የሰማ ሰው የማን ዕድሜ እንደሆነ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ሲቪቲ ነው። እዚህ ማርሽ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ፑሌጃዎች አሉ፤ በመካከላቸው ከትናንሽ ብረቶች የተሰካካ ቺንጋ። ፑሌጃዎቹ ሲጠቡና ሲሰፉ ቺንጋው ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደ ከከባዱ እስከ ቀላሉ ያለውን ሁሉ ያለ ደረጃ ያዳርሳል። ሆላንዳዊው ዳፍ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣት ትንሽ መኪና ላይ በጎማ ቺንጋ የጀመረው ነገር ነው፤ ዛሬ የጃፓን ትናንሽ መኪኖች በሰፊው የያዙት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ለከተማ ለስላሳ ነው። ዳገት ላይ ሲጠየቅ ግን ሞተሩን አንድ ዙር ላይ ሰቅሎ እንደ ልብስ ስፌት መኪና በአንድ ድምፅ ያስጮኸዋል፤ ብዙ ሰው "ተበላሸብኝ" ብሎ ጋራዥ የሚሄደው በዚህ ድምፅ ነው። ዋናው አደጋው ሌላ ነው። የሲቪቲ ዘይት የተለየ ዘይት ነው፤ ቺንጋው ፑሌጃውን የሚይዘው በዚያ ዘይት ባሕርይ ነው። የመደበኛውን አውቶማቲክ ዘይት የጨመረበት ሰው ቺንጋውን አንሸራትቶ ፑሌጃውን ይፍቃል። ችግሩ ደግሞ ሁለት ቪትዞች ጎን ለጎን ቆመው አንዷ ባለ አራት ማርሽ፣ ሌላዋ ሲቪቲ ልትሆን መቻሏ ነው። ከውጭ ሲያዩዋቸው እህትማማቾች ናቸው።

ሦስተኛውን ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አውቶማቲክ ተብሎ የሚሸጥ ማኑዋል ነው። ካምቢዮው የማኑዋሉ ነው፣ ሸራውም የማኑዋሉ ነው፤ የተጨመረው ፍሪሲዮን የሚረግጥና ማርሽ የሚቀይር ኮምፒዩተርና ሞተር ብቻ ነው። በከተማችን የራይድ ሥራ ላይ በብዛት የምናያት ሱዙኪ ዲዛየር በማኑዋልም በዚህኛውም ዓይነት ተሠርታለች። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ማርሽ መቀየሪያው ላይ "ፒ" የለም። ማርሽ በቀየረች ቁጥርም ተሳፋሪው እንደተስማማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ርካሽ ናት፣ ነዳጅ አታባክንም። ግን ባለቤቷ "አውቶማቲክ ናት" ብሎ ዳገት ላይ በነዳጅ ፔዳል ብቻ ይዟት ሲቆም ሸራውን እየጠበሰው ነው። አውቶማቲክ ሸራ የለውም ብሎ የሚያምን ሰው ሽታውን እንኳ ከሌላ መኪና ነው የሚለው።

አራተኛው ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ነው። አንዱ ፍሪሲዮን ጎዶሎ ማርሾችን፣ ሌላው ሙሉዎቹን ይይዛል፤ በሦስተኛ ሲሄዱ አራተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2003 በጎልፍ ላይ አውጥቶ በብዛት አስለመደው። ክፍት መንገድ ላይ ከእሱ የሚጣፍጥ የለም። መኪና በሚሳብበት ትራፊክ ውስጥ ግን፣ በተለይ ዘይት ውስጥ ያልተነከረው ደረቁ ዓይነት፣ በየሜትሩ እየተንሸራተተ ይሞቃል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2013 ቻይና ውስጥ ከ380,000 በላይ መኪኖችን በዚህ ካምቢዮ ምክንያት መልሶ ጠርቷል። ያገለገለ ባለ ደረቅ ሁለት ፍሪሲዮን መኪና ለመገናኛ ትራፊክ እኔ አልገዛም። ለሰው ሲገዛ ባየሁም ዝም አልልም።

እንግዲህ ቁልቁለት። ስለ ዳገት ሁሉም ያወራል፤ መኪና የሚገድለው ግን ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ያለው መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ደጋ ላይ ጃኬት ለብሰው ጀምረው ድልድዩ ጋ መስኮት ይከፍታሉ። በዚህ መንገድ ላይ የቆዩ ሾፌሮች አንድ ሕግ አላቸው፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ የተያዘች ማኑዋል ሞተሯ ራሱ እየጎተተ ይይዛታል፤ ፍሬኑ የሚነካው መታጠፊያ ላይ ብቻ ነው።

እኔ በአውቶማቲክ የመጀመሪያውን ጊዜ ስወርድ "ዲ" ላይ አስቀምጬ ነው የወረድኩት። መኪናዋ ቁልቁለት መሆኑን አታውቅም። ነዳጅ ስላልሰጠኋት ቸኩላ ወደ መጨረሻው ማርሽ ወጣች፣ እኔም ሙሉውን መንገድ በፍሬን ያዝኳት። ድልድዩ ጋ ስደርስ ፔዳሉ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ከእግሬ ሥር ለስልሶ ጠለቀ ይል ነበር። ከጎማው ጭስ መሰል ነገር ይወጣል። ወርጄ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ሳበርድ አንድ የአይሱዙ ሾፌር መጣና አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ማርሹ ጎን ያለችውን ቁልፍ በጣቱ አመለከተኝ። ኦቨርድራይቭ ማጥፊያ ናት። ስትጫን አራተኛውን ማርሽ ትከለክላለች፤ "2" እና "ኤል" የሚሉት ደግሞ ከዚያ በታች ይይዛሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ የነበረች ቁልፍ። ሲቪቲ ያላቸው መኪኖች አብዛኞቹ ለዚሁ ሥራ "ቢ" ወይም "ኤስ" አላቸው። አውቶማቲክ ቁልቁለት አይችልም የሚለው ወሬ ውሸት ነው፤ የማይችለው ሳይነግሩት ነው።

አንዳንድ የሚኒባስ ሾፌሮች ቁልቁለት ሲያገኙ ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ አድርገው ይለቋታል። ይህ የካርቡሬተር ዘመን ትዝታ ነው። የዛሬ ሞተር በማርሽ ተይዞ ቁልቁል ሲወርድ ነዳጁን ጨርሶ ይቆርጣል፤ ዜሮ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ ይወስዳል። ዜሮ የሚያደርግ ሾፌር ነዳጅም ያወጣል፣ ፍሬንም ያወጣል፣ ተሳፋሪም ያስፈራል።

የነዳጁን ጉዳይ በዚሁ ልለፈው። ባለ አራት ማርሽ አሮጌ አውቶማቲክ ከማኑዋል እህቱ የበለጠ ይወስዳል፤ እውነት ነው። ባለ ስምንት ማርሹና ሲቪቲው ግን ብዙ ጊዜ እኩል ናቸው፣ አንዳንዴም ይሻላሉ።

ከተማ ውስጥስ? አንድ ቀን የጓደኛዬን ማኑዋል መኪና ተውሼ ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ስሄድ ፍሪሲዮን የረገጥኩትን መቁጠር ጀመርኩ፤ መቶ ሲያልፍ ተውኩት። በየቀኑ ሁለት ሰዓት መሪ ላይ ለሚቀመጥ ሰው፣ በተለይ ጉልበቱ ለሚያመው፣ ምርጫው የለየለት ነው። ግራ እግሩ ለማይታዘዘው ሰው ደግሞ አውቶማቲክ ያለማንም እርዳታ ከቤት መውጫ ነው። "የሴት መኪና" የሚለውን ፌዝ የሚያወርዱ ወንዶች ሚስቶቻቸው በማኑዋል ሲነዱ ያላዩ ወይም ራሳቸው ትራፊክ ውስጥ ያልዋሉ ናቸው።

ሌላው ዓለም ነገሩን መንጃ ፈቃድ ላይ ጽፎታል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1991 ለአውቶማቲክ ብቻ የሚሆን ፈቃድ ጀመረች። በአውሮፓ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ካርዱ ላይ "78" የሚል ቁጥር ይጻፍበትና ማኑዋል እንዳይነዳ ይታገዳል። ጀርመን ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2021 ጀምሮ ይህንን አላልታለች፤ ቢያንስ አሥር ክፍለ ጊዜ በማኑዋል የሠለጠነ ሰው ፈተናውን በአውቶማቲክ ወስዶ ሁለቱንም መንዳት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ማኑዋሎቹ ከመቶ ሁለት አይሞሉም። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ለሠርግ መጥቶ የተከራየነው ፒካፕ ማኑዋል ሆኖ ሲያገኘው ሃያ ዓመት የነዳው ሰውዬ ቁልፉን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእህቱ ልጅ አስረከበ። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ አጎቱን ሾፌር ሆኖ አዞረው፤ ይህን ታሪክ እስካሁን ይነግዱበታል።

መኪና ማለት ሥራ መሄጃ ብቻ ላልሆነላቸው ሰዎች ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። እዚያ ሰፈር ማኑዋል ፍጥነት የሚባለውን ክርክር ከተሸነፈ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 ፌራሪ በፎርሙላ አንድ ላይ ማርሹን ከመሪው ጀርባ ባሉ ሁለት መቅዘፊያዎች የምትቀይር መኪና አሰለፈ፤ ናይጄል ማንሴል በመጀመሪያው ውድድሯ ብራዚል ላይ አሸነፈባት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማርሽ ዘንግ ከፎርሙላ አንድ ጠፋ። ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲቪቲ ሞክሮ ነበር፤ ውድድር ሳይገባ በሕግ ተከለከለ። የማሽን እጅ ከሰው እጅ ይፈጥናል፤ ይህ ያበቃለት ነገር ነው።

እና ፖርሽ በዚሁ ሒሳብ ተመርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣትን 911 ጂቲ3 ያለ ማኑዋል ሸጠ። ለሩጫ የተሠራች መኪና ናት፤ ፈጣኑ ካምቢዮ ይግባባት ማለቱ ትክክል ነበር። ወዳጆቿ ግን አኮረፉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 ማኑዋል ብቻ የሆነች 911 አር አውጥቶ 991 ብቻ ሠራ፤ ወዲያው በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ዋጋዋ በእጥፍ ድርብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጂቲ3 ማኑዋሏን መልሳ አገኘች። ቶዮታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ጂአር ኮሮላን በማኑዋል ብቻ ጀምሮ አውቶማቲኩን በኋላ ጨመረ። ሰዎቹ የሚከፍሉት ለዝግታ ነው ቢባል ስድብ አይሆንም። መታጠፊያ ሲቀርብ በቀኝ እግር ጣት ፍሬን ይዞ በተረከዙ ነዳጅ ነካ አድርጎ ማርሹን ያለ ንቅንቅ ማስገባት ክራር እንደ መቃኘት ያለ ነገር ነው፤ መቃኛ ማሽን መኖሩ ደስታውን አይቀንሰውም።

ለዚህ ደስታ ፖርሽ አያስፈልግም። እሑድ ጠዋት ቮልሱን አጥቦ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። አራት ማርሽ፣ ከኋላ የሚያንጎራጉር ሞተር፣ ትንሽ ጉልበት። ጉልበቷ ትንሽ ስለሆነ ነው እያንዳንዱ ማርሽ በጊዜው መግባት ያለበት። ብዙ ፈረስ ኃይል ያላት መኪና ላይ ማርሽ ቢሳሳቱ ማንም አያውቅም፤ ቮልስ ላይ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ሳይቀር ያውቃል።

ይህ ሁሉ ክርክር እኛ ዘንድ ሌላ መንገድ ሊይዝ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ አሁን የሚገቡት የኤሌክትሪክ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ስላለው ማርሽ መቀየር አያስፈልገውም፤ አንድ የማይለወጥ ጥርስ ይበቃዋል። የሳሳው አየርም አያስጨንቀውም። አባይን ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ይይዝና ባትሪውን ይሞላል፣ አፋፉ ላይ ሙሉ ካልነበረ ማለት ነው፤ ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚያኖርበት ስለሌለው ሸክሙ ተመልሶ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ሀዩንዳይ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣት የኤሌክትሪክ መኪና ማርሽ የምትቀይር አስመስላ ትነጥራለች፣ ታጓራለች፤ አዝራር ተጭኖ የሚገኝ ትዝታ።

ነዳጅ የሚጠጡት ግን ከአገር አልወጡም። ያሉት ኮሮላዎች፣ ያሉት ቪትዞች፣ ያሉት ዲዛየሮች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ። ስለዚህ ለሚገዛ ሰው የምለው፦ መጀመሪያ ከአራቱ የትኛዋ እንደሆነች ይወቅ። ከዚያ ዘይቷን በነጭ ጨርቅ ይይ፤ መለኪያ ዘንግ የሌላት ከሆነች መካኒክ ከሥር ገብቶ ያሳየው። ቀዝቅዛ ካደረች በኋላ ይንዳት፣ ዳገት ላይ አቁሞ ያስነሳት። ከከተማ ውጭ ለሚሠራ፣ ጭነት ለሚጭን፣ ጋራዥ በራቀበት ለሚኖር ማኑዋል እላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚመላለስ ባለ ቶርክ ኮንቨርተሩን፣ የዘይቷ ታሪክ ከታወቀ። የማይታወቅ ከሆነ ለዘይትና ለማጣሪያ የሚሆን ገንዘብ ከዋጋው ቀንሶ ይነጋገር።

የእኔዋን መካኒኩ በአንድ ቀን አልጨረሳትም። ከታች ሲፈታ ግማሹ ዘይት እንኳ አይወጣም፤ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ አወጣ፣ ማጣሪያውን ቀየረ፣ ሞላና "ሁለት ሳምንት ነድተው ይመለሱ" አለኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ዘይቱ ቀላ፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ያለው ንጥረት ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ተሳፋሪ የማያውቀው ሆነ።

መሽቶ ነበር። እሱም እጁን በቤንዚን ታጥቦ ጋራዡን ዘጋ፣ ጥግ ወደቆመች ግራጫ ቪትዝ ሄደ። አንገቴን አስግጌ ማርሿን አየሁ። "ፒ" አላት።

"አንተም አውቶማቲክ ነው እንዴ የምትነዳው?"

"ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ፍሪሲዮን ሳወርድ ውዬ ማታ ደግሞ የራሴን ልርገጥ?" አለና አስነሳት።